የፕለጊን ኦፕሽኖች የት ይቀመጡ? አራቱ መንገዶች ሲነጻጸሩ

የጃቫስክሪፕት ፕለጊን ስትጽፉ ማስጀመሪያው ሜተድ ኢኒት (init) ኦፕሽኖቹን፣ ማለትም ተጠቃሚው የሚሰጣቸውን ቅንብሮች፣ ይቀበላል፣ ከነባሪዎቹ ጋር ያዋህዳል፣ ሥራ ይጀምራል። ጣጣው የሚመጣው «ክፈት»፣ «ዝጋ»፣ «ቀጥል» የሚሉ ሜተዶች ሲጨመሩ ነው። ኢኒት ውስጥ የታወጀ ቫሪያብል እዚያው ይቀራል፤ ሌሎቹ አያዩትም።

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ቫሪያብሉን ከሜተዶቹ ውጭ ማውጣት ነው። አንድ መስመር ማዘዋወር ብቻ ስለሆነ ያጓጓል። ፕለጊኑ በአንድ ገጽ ላይ ሁለት ቦታ ሲጠራ ግን ጉድ ይፈላል። አንዱ ስላይደር (ምስሎችን በየተራ የሚያሳይ ሳጥን) በ3 ሰከንድ፣ ሌላው በ8 እንዲዞር አዘዛችሁ እንበል። ሁለተኛው ሲነሳ የመጀመሪያውን ኦፕሽን ይደመስሰዋል። ቆይቶ «ቀጥል» ሲጠራ ለሁለቱም የሚነበበው 8 ነው። ኤረር እንኳን አይወጣም፤ እኔ የምፈራውም ይህንን ዝምታ ነው። ገጹ ላይ አንዴ ብቻ ለሚታይ ነገር፣ ለምሳሌ ለኩኪ ፈቃድ መጠየቂያ፣ ችግር የለውም።

ኦፕሽኖቹን ለየሜተዱ በፓራሜትር ማቀበልስ? ለቴስት ይመቻል። ግን ተጠቃሚው ከውጭ «ዝጋ» ሲል ኦፕሽኖቹን ከየት ያምጣ? ለውስጥ ረዳት ፋንክሽኖች ብቻ ተዉት።

በጄኩዌሪ (jQuery በሚባለው የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ) የምትጽፉ ከሆነ ምርጫው ዳታ ሜተድ (.data()) ነው። ኦፕሽኖቹ ፕለጊኑ በተጠራበት የገጹ ክፍል፣ ማለትም ኤለመንቱ ላይ ስለሚታሰሩ እያንዳንዱ ስላይደር የራሱን ይይዛል። ኤለመንቱን በጄኩዌሪው ሪሙቭ (.remove()) ስታጠፉትም አብረው ይጸዳሉ። ቁልፉን በፕለጊኑ ስም ሰይሙት፤ «ኦፕሽንስ» ብቻ ካላችሁት ከሌላ ፕለጊን ጋር ሊጋጭ ይችላል። ሜተዱ ከኢኒት በፊት ቢጠራ ዳታው ባዶ ነው፤ ያንን መፈተሽ የእናንተ ሥራ ነው።

ከዜሮ ለሚጀምር ሰው ግን ክላስ ይሻላል። ኮንስትራክተሩ፣ ማለትም ክላሱ ሲፈጠር የሚሠራው ሜተድ፣ ኦፕሽኖቹን ዚስ (this፣ የፕለጊኑ ኦብጀክት ራሱ) ላይ ያስቀምጣል፣ ሜተዶቹ ሁሉ ከዚያው ያነባሉ። ከውጭ እንዳይነኩ ከፈለጋችሁ በኤክማስክሪፕት 2022 (የጃቫስክሪፕት መስፈርት) የገቡት የግል ፊልዶች አሉ። መጠንቀቅ ያለባችሁ ኢቨንት ሊስነር (ክሊክን የመሰለ ክስተት የሚጠብቅ ኮድ) ላይ ነው፤ ተራ ፋንክሽን ከሰጣችሁት ዚስ ኤለመንቱን እንጂ ፕለጊኑን አያመለክትም። የራሱ ዚስ የሌለው አሮው ፋንክሽን (=>) ይገላግላችኋል።

የትኛውንም ብትመርጡ ኦፕሽኖቹን ከነባሪዎቹ ጋር ስታዋህዱ ባዶ ኦብጀክት አስቀድሙ። የጄኩዌሪው ኤክስቴንድም ($.extend) ሆነ የጃቫስክሪፕቱ አሳይን (Object.assign) የሚጽፉት የመጀመሪያው ኦብጀክት ላይ ነው። ነባሪዎቹን መጀመሪያ ካስገባችሁ እነሱው ይለወጣሉ፤ ቀጣዩ ስላይደርም የሰው ኦፕሽን ይወርሳል።

የጄኩዌሪ ፕለጊን ያለው ሰው ደግሞ ሁሉንም አፍርሶ መጻፍ የለበትም። የክላሱን ኢንስታንስ ራሱን ዳታ ውስጥ ማስቀመጥ ይችላል፤ አሮጌዎቹ ጥሪዎች እንደነበሩ ይሠራሉ።