ከሮዳጅ እስከ 9,400 ኪሎ ሜትር፦ የአንዲት አዲስ ሞተር ሳይክል ስምንት ወራት

ሞተር ሳይክሌን ስረከብ የርቀት መቁጠሪያዋ 3 ኪሎ ሜትር ያሳይ ነበር፤ ይህን በምጽፍበት ጊዜ ስምንት ወር ሞልቷት 9,400 አልፋለች። ባለ 150 ሲሲ፣ ባለ አንድ ሲሊንደር፣ በአየር የምትቀዘቅዝና ባለ አምስት ማርሽ ናት። ስለ መልኳና ስለ መቀመጫዋ ምቾት ማንም ሰው በመጀመሪያው ሳምንት ሊናገር ይችላል፤ ወራት ካላለፉ የማይመዘነው ሮዳጁ፣ ማለትም የአዲስ ሞተር ክፍሎች እስኪላመዱ በጥንቃቄ የሚነዳበት የመጀመሪያ ጊዜ፣ እንዴት እንደተያዘ ስለሆነ፣ የዚህ ግምገማ አብዛኛው ክፍል የሚያተኩረው በእሱ ላይ ነው።

የአጠቃቀም መመሪያው እስከ 500 ኪሎ ሜትር ድረስ ከነዳጅ መስጫው ግማሽ እንዳይታለፍ፣ ከዚያ እስከ 1,000 ድረስ ደግሞ ከሦስት አራተኛ እንዳይበልጥ ያዛል። የሞተሩን ዙር የሚያሳይ ጌጅ ስለሌላት በየማርሹ የተፈቀደውን ከፍተኛ ፍጥነት በትንሽ ወረቀት ላይ ጽፌ በፍጥነት መለኪያው ጠርዝ ላይ ለጠፍኩት፦ በሁለተኛ 25፣ በሦስተኛ 35፣ በአራተኛ 45፣ በአምስተኛ 55። ወረቀቱ ጣሪያውን እንጂ ወለሉን አይናገርም ነበር። እኔም አዲስ ሞተር የሚጠበቀው በዝግታ ነው ብዬ ስላመንኩ የመጀመሪያዎቹን 180 ኪሎ ሜትሮች በአምስተኛ ማርሽ በሰዓት 35 እየተንፏቀቅኩ ጨረስኳቸው። ዳገት ላይ እንኳ ማርሽ መቀነስ ዙሩን ያበዛዋል ብዬ ስለምፈራ፣ ሞተሩ እያቃሰተ ታንኩ በጉልበቶቼ መካከል ሲንቀጠቀጥ እየተሰማኝ ዝም ብዬ እወጣ ነበር።

ስህተቴን የተረዳሁት ሮዳጅ በሲሊንደሩ ውስጥ ምን እንደሚሠራ ካወቅሁ በኋላ ነው። የአዲስ ሲሊንደር ግድግዳ ለዓይን ልሙጥ ቢመስልም በፋብሪካ ሆን ተብሎ የተጫሩ፣ እርስ በርስ የሚሻገሩ እጅግ ቀጫጭን መስመሮች አሉት። መስመሮቹ ዘይት ይይዛሉ፤ በመካከላቸው ያሉት ሹል ጫፎች ደግሞ ከፒስተኑ ፋሻ፣ ማለትም ፒስተኑን ከከበበው የብረት ቀለበት ጋር እየተፋተጉ በጥቂት በጥቂቱ ይሞረዳሉ፤ ፋሻውና ግድግዳው በልክ የሚገጥሙት በዚህ መንገድ ነው። ፋሻውን ወደ ግድግዳው የሚገፋው የራሱ ውጥረት ብቻ አይደለም፤ ነዳጁ ሲቃጠል የሚፈጠረው ግፊት ከፋሻው ጀርባ ገብቶ አጥብቆ ይገፋዋል። ስለዚህ ሞተሩ በቂ ሥራ ካልተሰጠው ግፊቱ ያንሳል፣ ፋሻው በደንብ ሳይገጥም ይቀራል፣ ዘይቱም ግድግዳው ላይ እየተጋገረ መስመሮቹን ይደፍናቸዋል። እዚያ ደረጃ ከደረሰ ዘይት መብላቱን በመንዳት ብቻ ማስተው ያስቸግራል፤ ብዙውን ጊዜ ሲሊንደሩ ተከፍቶ እንደገና መጫር ይኖርበታል። በአንጻሩ ገና ከመነሻው ሙሉ ነዳጅ እየሰጡ ረጅም መንገድ ማስኬድ ሙቀቱን ያበዛዋል፣ የዘይቱን ሽፋን ያሳሳዋል፣ ፒስተኑም ሲሊንደሩን እስከ መቧጨር ሊደርስ ይችላል። እኔ የሠራሁት ሦስተኛው ዓይነት ጥፋት ነበር፤ የዘይት ፓምፑ የሚሠራው በሞተሩ ዙር ስለሆነ፣ በዝቅተኛ ዙርና በከፍተኛ ማርሽ ሞተሩን ማስጨነቅ የዘይቱን አቅርቦት እየቀነሰ በኩሽኔታዎቹ ላይ የሚያርፈውን ምት ያበረታዋል።

ከዚያ በኋላ አነዳዴን ለወጥኩ። ጠዋት አስነስቼ ከግማሽ ደቂቃ ያህል በላይ ነዳጅ ሳልሰጥ በሚኒሞ አላቆማትም፤ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ግን በለስላሳው እነዳለሁ። ሞተሩ ሲሞቅ በሦስተኛ ማርሽ ከ20 እስከ 35 ጠንከር አድርጌ ነዳጅ እሰጥና፣ ከዚያ ነዳጁን ሙሉ በሙሉ ዘግቼ ፍሬን ሳልነካ ፍጥነቱ በራሱ እንዲወርድ እተዋለሁ። ሜዳና ቀጥ ያለ መንገድ በአንድ ፍጥነት ስለሚያስኬድ፣ ሆን ብዬ ዳገትና ቁልቁለት የሚፈራረቁበትን መንገድ መረጥኩ። በአየር የምትቀዘቅዝ በመሆኗም በየአርባ ደቂቃው አሳርፋት ነበር።

መመሪያው የመጀመሪያውን የዘይት ቅያሪ 1,000 ኪሎ ሜትር ላይ ቢያደርገውም፣ እኔ 300 ላይ ራሴ ቀየርኩት፤ ለዚህ የወጣው ገንዘብ አይቆጨኝም። ዘይቱን በነጭ ሳህን ተቀብዬ ፀሐይ ላይ ሳዘነብለው፣ በውስጡ የብር ቀለም ያለው ስስ ብልጭታ እንደ ጭስ ይዋልል ነበር። የማፍሰሻው ብሎን ጫፍ ላይ ያለው ማግኔት ግራጫ ጭቃ ለብሷል፤ በጣቶቼ መካከል ሳሸው እንደ ቅባት ለሰለሰ እንጂ የሚወጋ ነገር አልነበረበትም። የሚወጋ ስንጥር ቢኖር ኖሮ ሞተሩን ማስከፈት ነበረብኝ። 1,000 ላይ የወጣው ዘይት ብልጭታው ለጉድ ቀንሶ ነበር።

የመጀመሪያውን ሰርቪስ ያስደረግኩበት ጋራዥ ግን የመኪና ዘይት ሞላልኝ። በአብዛኞቹ ሞተር ሳይክሎች እንደሚታየው በእኔም ሞተሩ፣ ማርሹና ፍሪሲዮኑ የሚጋሩት አንድ ዘይት ነው፤ ነዳጅ ለመቆጠብ ተብሎ ሰበቃን የሚቀንስ ቅመም የተጨመረበት የመኪና ዘይት ደግሞ የፍሪሲዮኑን ሸራዎች ያንሸራትታል። በማግስቱ በአራተኛ ማርሽ ነዳጅ ስሰጥ ድምፁ ወደ ላይ ሮጠ፣ ፍጥነቱ ግን ካለበት ንቅንቅ አላለም። ጣሳው ላይ ጃሶ ኤምኤ የሚል፣ ዘይቱ እንዲህ ላለው የሞተር ሳይክል ፍሪሲዮን እንደሚስማማ የሚያሳይ ምልክት ያለበትን ዘይት ገዝቼ ቀየርኩ፤ ከ200 ኪሎ ሜትር በኋላ ደግሜ ስቀይር መንሸራተቱ ጠፋ፤ ሸራዎቹም እስካሁን አልተቀየሩም። ከዚያ ቀን ወዲህ ዘይቱን ራሴ ይዤ እሄዳለሁ፣ ጣሳው ሲከፈትም ቆሜ አያለሁ።

የቀሩት ክፍሎች ብዙ አላስቸገሩኝም። አዲስ ጎማ ላዩ ስለሚያንሸራትት የመጀመሪያዎቹን 150 ኪሎ ሜትሮች ኩርባ ላይ ሳልተኛ ነዳሁ። ካቴናው በፍጥነት ስለረገበ በመጀመሪያዎቹ 600 ኪሎ ሜትሮች ውስጥ ሁለት ጊዜ ተወጠረ፤ ከዚያ ወዲህ ረጋ።

በመጀመሪያው ወር በአንድ ሊትር 38 ኪሎ ሜትር ትሄድ የነበረችው ዛሬ 44 ትሄዳለች። በየ2,500 ኪሎ ሜትሩ ዘይት ስቀይር መጠኑ ከላይኛው ምልክት ዝቅ የሚለው ለዓይን በሚያጠራጥር ልክ ነው፤ ካንዴላውም ሲወጣ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ሆኖ ይገኛል፤ የዚያ የ180 ኪሎ ሜትር ጥፋቴ ምልክት እስካሁን አልታየኝም። ከ75 በላይ ስነዳ በእግር ማሳረፊያው በኩል የሚመጣው ንዝረት ግን በሮዳጅ አልተቃለለም፤ የኋላ ማሳያ መስታወቱንም ያደበዝዘዋል።

ወረቀቱን እንደገና የምጽፈው ቢሆን ለላይኞቹ ማርሾች ሁለት ሁለት ቁጥር አደርግበታለሁ፦ በሦስተኛ ከ20 እስከ 35፣ በአራተኛ ከ30 እስከ 45፣ በአምስተኛ ከ40 እስከ 55።