ለሰፈራችን ባለሱቅ ምስጋና ይድረስልኝ

ይህን ስጽፍ እህቴ አጠገቤ ሆና ልጇን እያጠባች ነው። ከሁለት ወር በፊት እንዲህ ያለ ቀን አያለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር።

የወለደች ቀን ደሙ አልቆም አላት። የወለደችበት ቦታ “ከአቅማችን በላይ ነው” ብለው ሸኙን። አምቡላንስ እንኳ አልጠሩልንም። ቀጥለን የሄድንበት ደግሞ “አልጋ የለም” አሉን። በር ላይ ቆመን ስንለምን እህቴ ታክሲ ውስጥ ከንፈሯ ነጥቶ ነበር። ወጥቶ ያያት አንድ ሰው የለም። ይሄ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ሦስተኛው ቦታ ተቀበሉን። ሐኪሙ ብዙ አስረዳኝ፣ አልገባኝም። የገባኝ ደም እንደሚያስፈልጋትና የሚተካ ሰው ቶሎ ማምጣት እንዳለብን ብቻ ነው።

ከምሽቱ 5 ሰዓት ለማን ይደወላል? ጉለሌ ያለውን የሰፈራችንን ባለሱቅ ደወልኩላቸው። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። “አይዞሽ ልጄ፣ ደብተሩን ላውጣ” አሉኝ።

የዱቤ ደብተራቸው ነው። ከፊት የዱቤ ሒሳብ አለ። ከኋላ ገጾቹ ላይ ደግሞ የሰፈሩ ሰው ስም፣ የደም ዓይነትና መጨረሻ ደም የሰጠበት ቀን ተጽፏል። አንዴ የሰጠ ሰው 3 ወር መቆየት ስላለበት፣ ማን እንደደረሰለት ከዚያ ያያሉ። አንድ ሰዓት ሳይሞላ አምስት ሰው ይዘው ደረሱ። አንዱ ነጠላ ጫማ እንዳደረገ ነበር የመጣው። ጋሼ ፔርሙዝ ሙሉ ሻይ ይዘው እስኪነጋ ከእናቴ ጎን ቁጭ አሉ።

እናቴ ግን አልገረማትም። በ1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ጋሼ ገና ተማሪ ነበሩ። አያቴን ፊደል ያስቆጠሯት እሳቸው ናቸው። ከዚያ በፊት አያቴ በጣት አሻራ ነበር የምትፈርመው። ስሟን ስትጽፍ ያለቀሰችውን እናቴ እስካሁን ታወራዋለች። ኤችአይቪ ሰውን ከሰው በለየበት ዘመን፣ ጎረቤት ደጃፉን ሲዘጋ ምግብ ይዘው የታመመ ቤት የሚገቡት እሳቸው ነበሩ። እድራችን ለቀብር ብቻ ሳይሆን ለታመመም ይክፈል ብለው ስንት ስብሰባ ተሟግተዋል! “ሰውን በቁሙ እንርዳው እንጂ” ይሉ ነበር አሉ። ዛሬ የእድሩ ጸሐፊ ናቸው፤ ደሞዝ የለው፣ አበል የለው።

ስማቸውን ያልጻፍኩት ስለማይወዱ ነው። የሰፈሩ ሰው ያውቃቸዋል። እባካችሁ የሰፈሬ ልጆች፣ አንድ ሳሙና እንኳ ስትገዙ አልፋችኋቸው አትሂዱ። ዱቤ ያለባችሁ ክፈሏቸው፤ እሳቸው አፍ አውጥተው አይጠይቁም። አዲስ የገባችሁም እድሩ ውስጥ ግቡ። ደግሜ እላለሁ፣ እንዲህ ያለ ሰው አጠገባችን እያለ ዝም ብለን አንለፍ።

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥልኝ።

ሱቁ ጠዋት 12 ሰዓት ይከፈታል። ጎራ ስትሉ ደብተሩን ጠይቋቸውና ከኋላ በኩል ስማችሁን አስጽፉ። የእኔ ስም ከወንድሜ ስም ሥር ተጽፏል።