ለሐዋሳ መንገድ የትኛው ቀላል ጫማ? የሦስት የዕለት ልምምድ ጫማዎች ንጽጽር

በሐዋሳ ማለዳ ከአሥራ ሁለት ሰዓት በፊት ለሩጫ የሚወጣ ሰው በአንድ ዓይነት መንገድ ላይ ብቻ አይሮጥም። እኔ በሳምንት አምስት ቀን የምሮጥበት መስመር ከፒያሳ ተነሥቶ በቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን በኩል በአስፋልት ወደ ፍቅር ሐይቅ ይወርዳል፤ ከዚያ የሐይቁን ዳርቻ ይዞ ወደ አሞራ ገደል ሲያመራ አንዳንዱ ቦታ ኮብልስቶን፣ አንዳንዱ ደግሞ አፈር ይሆናል። ቅዳሜ ወደ ታቦር ተራራ ሳቀና ሯጮች ኮሮኮንች የሚሉት ጠጠራማ መንገድ ይጀምራል። ስለ ቀላል የሩጫ ጫማዎች በየቦታው የሚጻፈው አብዛኛው አስተያየት ለስላሳ አስፋልት ላይ ለሚሮጥ ሰው የታሰበ በመሆኑ፣ እነዚህን ሁሉ መንገዶች በአንድ ጫማ ለሚያቋርጥ የከተማችን ሯጭ የሚበጀውን ለይቼ መጻፍ ፈለግሁ።

የማነጻጽራቸው ሦስት ጫማዎች ሳኮኒ ኪንቫራ 14፣ ሆካ ክሊፍተን 9 እና ናይኪ ፔጋሰስ 40 ናቸው። ሦስቱም እ.ኤ.አ. በ2023 ለገበያ የቀረቡ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ተከታዮቻቸው ስለወጡ አሁን ቀድሞ ከነበራቸው ዋጋ ቀንሰው ሊገኙ ይችላሉ። ኪንቫራውና ፔጋሰሱ የራሴ ናቸው፤ ክሊፍተኑን ግን ቁጥሩ ከእኔ ጋር አንድ ከሆነ የልምምድ ጓደኛዬ ተውሼ ለሁለት ሳምንት ሮጬበታለሁ።

በወንዶች መካከለኛ ቁጥር የአንድ እግር ክብደት ለኪንቫራ ወደ 200፣ ለክሊፍተን ወደ 250፣ ለፔጋሰስ ደግሞ ወደ 280 ግራም ነው። ቁጥሩ በወረቀት ላይ ሲነበብ ብዙም ስሜት ስለማይሰጥ፣ አንድ ቀን ኪንቫራውንና ፔጋሰሱን በፌስታል ይዤ በሰፈራችን ጥሬ ቡና ወደሚሸጡ አንዲት እናት ሱቅ ሄድኩ። እሳቸውም ሁለቱን በየተራ በዲጂታል ሚዛናቸው መዘኑልኝና፣ ከቀላሉ ጫማ አጠገብ በወረቀት ላይ ቡና እየጨመሩ ከከባዱ ጋር አስተካከሉት። ልዩነቱ የሆነውን ቡና መዳፌ ላይ ሲያፈሱልኝ ሞልቶ ጥቂት ፍሬ መሬት ላይ ተንጠባጠበ። «ለአንድ ጊዜ ምንም አይደለችም፤ ቀኑን ሙሉ ለተሸከማት ግን ትከብዳለች» አሉኝ።

ይህ አነጋገራቸው ለሩጫም በትክክል ይሠራል። 10 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ሰው እያንዳንዱን እግሩን 5,000 ጊዜ ያህል ያነሣል። 80 ግራም በ5,000 ሲባዛ 400 ኪሎ ግራም፣ ማለትም አራት ኩንታል ይሆናል፤ ይህም የአንዱ እግር ብቻ ነው። በስፖርት ሳይንስ የተደረጉ ጥናቶችም በእያንዳንዱ ጫማ ላይ 100 ግራም ሲጨመር ሯጩ የሚያወጣው ጉልበት በ1 በመቶ ገደማ ከፍ እንደሚል አሳይተዋል። ስለዚህ ቅለት ለማስታወቂያ ብቻ የተፈጠረ ወሬ አይደለም፤ ኪንቫራውን አድርጌ በሐይቁ ዳር አስፋልት ላይ ፍጥነት ስጨምር እግሬ ከመሬት የሚነሣበትን ቅልጥፍና በሌሎቹ ሁለቱ አላገኘሁትም።

ዳሩ ግን ክብደቱ ከየት ላይ እንደተቀነሰ ማየት ያስፈልጋል። ሁለቱን ጫማዎች ገልብጦ ሶላቸውን ጎን ለጎን ያየ ሰው መልሱን ወዲያው ያገኘዋል። የኪንቫራው ላስቲክ እግር አጥብቆ በሚያርፍባቸውና በሚገፋባቸው ጥቂት ቦታዎች ላይ ብቻ የተለጠፈ ሲሆን፣ የቀረው የሶሉ ክፍል በጥፍር ሲጫኑት የሚሰረጉድ ራቁቱን የቀረ ፎም ነው። የፔጋሰሱ ሶል ግን ከተረከዝ እስከ ጣት ድረስ ማለት ይቻላል በላስቲክ የተሸፈነና መሬት የሚቆነጥጡ ትናንሽ ጉብታዎች ያሉት ነው። ላስቲክ ከፎም ይከብዳል፤ ነገር ግን የኮብልስቶንን ጠርዝና የታቦርን ስል ጠጠር የሚችለው እሱ ነው። አስፋልት እግርን በሙሉ ሲቀበል፣ ኮብልስቶን ላይ ግን የሰውነት ክብደት በአንድ ድንጋይ ጫፍ ላይ ያርፋል፤ ድንጋዩ ላይ አሸዋ ካለ ደግሞ ሶሉን እንደ ሞረድ ይበላዋል። ኪንቫራው ለዚህ ዓይነት መንገድ የታሰበ ጫማ ስላልሆነ፣ በታቦር ኮሮኮንች ፈትኜ ልወቅሰው አልፈለግሁም፤ ከተሠራበት ዓላማ ውጪ አውጥቼ መፍረድ ይሆንብኛል።

ሌላው ብዙ ገዢ የሚዘነጋው ጉዳይ በተረከዝና በፊት እግር መካከል ያለው የሶል ከፍታ ልዩነት ነው። ይህ ልዩነት በኪንቫራ 4፣ በክሊፍተን 5፣ በፔጋሰስ ደግሞ 10 ሚሊ ሜትር ነው። ተረከዙ ዝቅ ያለ ጫማ ባትንና ከተረከዝ በላይ ያለውን ጅማት ይበልጥ ያሠራል፤ ተረከዙ ከፍ ያለው ደግሞ እነሱን ያሳርፍና ጫናውን ወደ ጉልበት ያዘነብላል። ይህንን ሳላውቅ ለዓመታት ተረከዙ ከፍ ያለ ጫማ ለምዶ የኖረ እግሬን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሬ በዝቅተኛው ጫማ 12 ኪሎ ሜትር ስላሮጥኩት፣ በማግሥቱ ደረጃ ስወርድ ባቴን ይዤ ነበር። ጥፋቱ የኔ የአጠቃቀም ጥፋት ነው። በሳምንት አንድ ቀን፣ ከ4 ወይም ከ5 ኪሎ ሜትር ጀምሮ ቀስ በቀስ መጨመር ይገባ ነበር፤ እንደዚያ ካደረግሁ በኋላም ሕመሙ አልተመለሰም።

ስለ ክሊፍተኑ የምለው አጭር ነው። ሦስቱ ውስጥ ከእግር ሥር ብዙ ስፖንጅ ያለው መስሎ የሚታይ፣ ነገር ግን እንደ መልኩ የማይከብድ ጫማ ሲሆን፣ ከረጅም ሩጫ ማግሥት እግር ዝሎ በዝግታ ለሚሮጥበት ቀን እጅግ ተስማምቶኛል። ቀኑን ሙሉ ቆመው የሚሠሩ፣ ለምሳሌ መምህራንና ነርሶች፣ ከሦስቱ አንዱን ምረጡ ቢባሉ ይህንን ቢመርጡ አልደነቅም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማንሣት ግድ ይለኛል። ትዕግሥት አሰፋ መስከረም 2016 ዓ.ም. በበርሊን ማራቶን 2:11:53 በሆነ ሰዓት የዓለምን ክብረ ወሰን ስትሰብር ያደረገችው የአዲዳስ ጫማ የአንዱ እግር ክብደት 138 ግራም ብቻ ነበር። ሁላችንም ደስ ብሎን አይተናል። ከዚያ ወዲህ ግን ለዕለት ልምምድ ጭምር ላባ የመሰለ ጫማ የሚፈልጉ ወጣቶች በዝተው አያለሁ። ያ ጫማ የተሠራው ለአንድ ማራቶንና ለመላመጃ የሚሆን ጥቂት ርቀት ነው፤ ለዕለት ልምምድ የተሠራ ጫማ ግን ብዙውን ጊዜ ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ያገለግላል። በሳምንት 50 ኪሎ ሜትር ለሚሮጥ ሰው ይህ ከሁለት ወር ተኩል እስከ አራት ወር ማለት ነው፤ ገንዘቡን ቆጥሮ ለሚገዛ ቤተሰብ ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

የገበያው ነገር ከጫማው ምርጫ የማይተናነስ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ስሙን ከማልጠቅሰው ሱቅ፣ የማን ምርት መሆኑን መናገር የማልፈልገውን አንድ ጫማ «ኦሪጅናል ነው፣ አዲስ ነው» ተብዬ ገዛሁ። መልኩ በእርግጥ አዲስ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ግን የቀኙ ሶል ከጣቱ በኩል አፉን ከፈተና እቤት የደረስኩት ሶሉን በማሰሪያው አስሬ ነው። ጫማ ሰፊው ገልጦ ሲያሳየኝ ማስቲሹ ደርቆ እንደ ቅርፊት ይረግፍ ነበር፤ ለዓመታት መጋዘን ውስጥ የተቀመጠ ዕቃ እንደነበር ያኔ ገባኝ። ከዚያ ወዲህ ምላሱ ሥር ያለውን ትንሽ መለያ ሳላነብ ብር አልከፍልም። ብዙዎቹ አምራቾች የተመረተበትን ጊዜና የሞዴሉን ኮድ እዚያ ላይ ያትማሉ፤ ኮዱ ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆን አለበት። ሰልባጅ የሚገዛ ሰው ደግሞ ለላይኛው ጨርቅ ንጽሕና ብዙ ሳይጨነቅ ፎሙን በጎን በኩል በአውራ ጣቱ ይጫን፤ ጥልቅ ሽብሽብ ካለውና ተጭኖ ሲለቀቅ ካልተመለሰ፣ ላስቲኩ ምንም ያህል ያልተነካ ቢሆን ዕድሜው አልቋል።

ሲለካም ከሰዓት በኋላ፣ እግር በሙቀት ትንሽ ካበጠ ወዲያ ቢሆን ይሻላል፤ ከረጅሙ ጣት ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ቦታ መቅረት አለበት። በልጅነታችን በባዶ እግርና በሸበጥ ያደግን ብዙዎቻችን የፊት እግራችን ሰፋ ያለ በመሆኑ፣ ርዝመቱ ልክ ሆኖ ጎኑ የሚጨብጥ ጫማ «እየቆየ ይሰፋል» ሲባል ማመን አይገባም። ከታቦር ቁልቁል ሲወረድ ጣት ከጫማው አፍንጫ ጋር እየተጋጨ ጥፍር የሚጠቁርበት ሰው ካለ፣ ቁጥር ከመቀየሩ በፊት የመጨረሻዋን፣ ብዙ ጊዜ ባዶ የምትቀረውን ቀዳዳ ተጠቅሞ ማሰሪያውን ቁርጭምጭሚቱ ላይ ጠበቅ አድርጎ ይሞክር። እኔ በዚህ መንገድ ተገላግያለሁ።

እንግዲህ አንድ ጫማ ብቻ የመግዛት አቅም ያለውና የሐዋሳን መንገድ ሁሉ በእሱ የሚሮጥ ሰው ቢጠይቀኝ፣ ከሦስቱ ከባዱ ቢሆንም ሳላመነታ ፔጋሰስን እለዋለሁ፤ እኔም ከአምስቱ ቀን አራቱን የምሮጠው በእሱ ነው። ሩጫው በአስፋልት ላይ ብቻ ለሆነና ጉልበቱን ለሚያመው ሰው ክሊፍተን ይሻለዋል። ኪንቫራው ሁለተኛ ጫማ መግዛት ለሚችል፣ ፍጥነት ለሚሠራና ባቱን ላለማመደ ሯጭ ነው። የኔው ኪንቫራ ሐሙስ ማለዳ ብቻ ከሳጥኑ ይወጣል፤ ከገብርኤል እስከ ሐይቁ ባለው አስፋልት ላይ ይሮጣል፤ ኮብልስቶኑ ከሚጀምርበት ቦታ ሲደርስም ዞሮ ይመለሳል።