እኩለ ቀን ላይ የሚቆመው ፓምፕ፦ የፀሐይ መስኖ ከዓመት በላይ ስጠቀምበት

ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ፓምፑ ይቆማል። ደመና ቢሆን ወይም አቧራ ፓነሉን ሸፍኖት ቢሆን ይገባኝ ነበር። እኔ ይህን ዕቃ የገዛሁት ለዚያች ሰዓት ነው፤ እሱም ሥራ የሚያቆመው ያችኑ ሰዓት ጠብቆ ነው። ከዓመት በላይ ተጠቅሜበታለሁ፣ ስለ ፓነሎቹም ሆነ ስለ ሞተሩ የማነሳው ቅሬታ የለኝም። ይህች አንዲት ጣጣ ግን ስለ ገንዘቡ የተነገረኝን ሁሉ ስላናጋችው የምጽፈው ስለ እሷ ነው።

ዕቃው ባለ 330 ዋት 6 ፓነል፣ መቆጣጠሪያ ሳጥን፣ ጉድጓድ ውስጥ የሚወርድ ጠላቂ ፓምፕና ከፍ ብሎ የተቀመጠ ታንከር ነው። ባትሪ የለውም፤ የሚጠራቀመው ኤሌክትሪኩ ሳይሆን ውሃው ነው። ሻጩ ያሳየኝ ስሌት በራሱ ትክክል ነበር። 1 ሜትር ኩብ ውሃን 1 ሜትር ከፍ ለማድረግ 2.7 ዋት ሰዓት ያህል ይፈልጋል። በቀን 40 ሜትር ኩብ ከ30 ሜትር ጥልቀት ለማውጣት 3.3 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይሆናል። ፓምፑ፣ ሞተሩና መቆጣጠሪያው ተባብረው ከግማሽ በላይ የሆነውን ጉልበት ስለሚበሉ ከፓነሉ ከ7 ኪሎዋት ሰዓት በላይ መምጣት አለበት። ይህን ለ5 ሙሉ የፀሐይ ሰዓት (የቀኑ ፀሐይ ሁሉ በሙሉ ኃይሏ የበራች ያህል ሲቆጠር የሚሞላው ሰዓት ነው) አካፍሎ፣ ሙቀትና አቧራ የሚቀንሱትን ሲጨምርበት 2 ኪሎዋት አካባቢ ደረሰ። እስከዚህ ድረስ አልጣላውም።

ያልጠየቀው ጉድጓዱን ነው። 40 ሜትር ኩብ ውሃ በ5 ሰዓት ውስጥ ታጭቆ ይውጣ ማለት፣ እኩለ ቀን ላይ በሰዓት 8 ሜትር ኩብ ይሳባል ማለት ነው። የእኔ ጉድጓድ በሰዓት የሚያመነጨው 5 ነው። ትርፉን ከየት ያምጣው? የውሃው ወለል ይወርዳል። ታንከሩ ላይ ያለው ቧንቧ መጀመሪያ ነጭ አረፋ የቀላቀለ ውሃ ይተፋል፣ ቀጥሎ ይንተፋተፋል። ከዚያ ፓምፑ ያለ ውሃ በደረቁ እንዳይዞር የሚጠብቀው መከላከያ ሞተሩን ያጠፋና ሳጥኑ ላይ ቀይ መብራት ይበራል። ግማሽ ሰዓት ጠብቆ ይነሳል፣ ትንሽ ስቦ እንደገና ይጠፋል። በበጋው ማብቂያ ላይ ቆጣሪው በቀን ከ28 ሜትር ኩብ አያልፍም ነበር።

በጄኔሬተር ዘመን ይኸው ጉድጓድ አንድም ቀን አላስቸገረም። ምክንያቱም ቀላል ነው፦ ማለዳ እንስባለን፣ ናፍጣ ለመቆጠብ እናጠፋለን፣ ወደ ማታ ደግሞ እንስባለን። በመካከሉ ጉድጓዱ ያገግማል። ፀሐይ ግን እንዲህ ያለ ዕረፍት አትሰጥም፤ የቀኑን ጉልበቷን በጥቂት ሰዓት ውስጥ ታፈሳለች።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ሻጩ የሰጠኝ የስሌት ወረቀት «በ3 ዓመት ዋጋውን ይመልሳል» ይላል። የዕቃው ዋጋ በዓመት ለሚቆጠበው የናፍጣ ወጪ ተካፍሎ የተገኘ ቁጥር ነው። ናፍጣው የተሰላው ደግሞ በዓመት ለ365 ቀን ነው። ወንድሜ፣ በክረምት መስኖ የሚያጠጣ ማን ነው? ማሳው በዝናብ በሚጨቀይባቸው ወራት ፓምፑ ምን ያህል ናፍጣ አተረፈ ተብሎ ይቆጠራል? መስኖ የሚያስፈልገኝ በዓመት ለ7 ወር ነው፤ በዚያ ብቻ 3ቱ ዓመት 5 ዓመት ሆነ። ከ40 ሜትር ኩብ 28ቱ ብቻ ከወጣ፣ የጎደለውን የሚሞላው ያው ጄኔሬተር ስለሆነ 5ቱ ዓመት ከ7 በላይ ይሆናል። በብድር ለገዛ ሰው ወለድ ይጨመርበት።

ሻጩ ይህን ቢያነብ «ፓነሉ እኮ የ25 ዓመት ዋስትና አለው» እንደሚለኝ አውቃለሁ። ፓነሉ አለው። ፓምፑ የለውም። አሸዋ ያለበት ውሃ የሚስብ ጠላቂ ፓምፕ 10 ዓመት ከሞላ ዕድለኛ ነው፣ መቆጣጠሪያውም ከእሱ ብዙ አይሻልም። ዋጋው ሊመለስ በ7ኛው ዓመት ላይ ስንደርስ ሌላ ፓምፕ ልንገዛ ነው። የ25 ዓመቱን ትርፍ ሲደምር የሁለተኛውንና የሦስተኛውን ፓምፕ ዋጋ የት እንደጣለው ቢነግረኝ ደስ ይለኛል።

«እንግዲያው ተጸጽተሃል?» ለሚለኝ፦ አልተጸጸትኩም፤ ለዚህ ደግሞ ያው ፓነሉ ነው የሚመሰገነው። የፓነል ዋጋ እ.ኤ.አ. ከ2010 ወዲህ በነበሩት አሥር ዓመታት ውስጥ ወደ 90 በመቶ ገደማ ወርዷል። ዛሬ በጠቅላላው ወጪ ውስጥ ውድ የሆኑት ጉድጓዱ፣ ፓምፑና ታንከሩ ናቸው። ስለዚህ ሁለት ፓነል ጨመርኩና አራቱን ወደ ምሥራቅ፣ አራቱን ወደ ምዕራብ አዞርኳቸው። መቆጣጠሪያው ላይ ደግሞ የሞተሩን ከፍተኛ ፍጥነት ቀንሼ በሰዓት ከ5 ሜትር ኩብ በታች አሰርኩት። የምሥራቆቹ ከማለዳው ይጀምራሉ፣ የምዕራቦቹ እስከ አመሻሽ ይዘልቃሉ፣ እኩለ ቀን ላይ የነበረው የጉልበት ጉልላት ዝቅ ይላል። ይህን ለሚሞክር አንድ ማስጠንቀቂያ፦ በአንድ መስመር በተከታታይ የተያያዙ ፓነሎች ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ማየት አለባቸው፤ አለበለዚያ ደካማው ሌሎቹንም ይዞ ይወርዳል። መቆጣጠሪያው የሚችለው የቮልት ጣሪያም ቀድሞ ይታይ።

ውጤቱ ወደ 40 ሜትር ኩብ ተጠጋ። ቀዩ መብራት ጠፋ። በዝግታ የሚሳብ ውሃ ጉድጓዱን ብዙ ስለማያወርደው፣ በቧንቧውም ውስጥ ያለው ፍትጊያ ስለሚቀንስ፣ እያንዳንዱ ሜትር ኩብ የሚወጣው ከቀድሞው ባነሰ ጉልበት ነው። ይህን ከሻጩ ሰምቼው ቢሆን አንድ በጋ ሙሉ ናፍጣ አላቃጥልም ነበር።

ፍጥነቱን እንዲያው በደፈናው መቀነስ ግን አይሆንም። የእኔ ፓምፕ በክንፍ ሽክርክሪት የሚገፋ ዓይነት ነው። በዚህ ዓይነት ፓምፕ የሽክርክሪቱ ፍጥነት ሲቀንስ ውሃን ከፍ የማድረግ አቅሙ በካሬው ይወርዳል፦ ፍጥነቱ ግማሽ ከሆነ አቅሙ ሩብ ነው። ስለዚህ ደመና ሲመጣ ውሃው በግማሽ አይቀንስም፣ ጨርሶ ይቆማል፤ ሞተሩ ግን እየዞረ ነው። ጥልቅ ጉድጓድና ትንሽ ውሃ ያለው ሰው በጠመዝማዛ ዘንግ የሚገፋውን ዓይነት ቢያይ ይሻለዋል፤ እሱ በደካማ ፀሐይም ቀስ እያለ ያወጣል።

የክረምቱ ወራት አሁንም አንጀቴን ያሳርረዋል። 8 ፓነል ማንም ሳይነካው ፀሐይ ሲሞቅ ይውላል። በሕንድ ጉጃራት፣ ዱንዲ በምትባል መንደር ገበሬዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ማኅበር አቋቁመው መስኖ የማይፈልገውን ኤሌክትሪክ ለመብራት ኃይል አቅራቢው መሸጥ ጀምረዋል። እንዲያ ያለ ገዢ ባለበት ሒሳቡ ሌላ ነው፣ ውሃን ያለ ልክ የመሳብ ፈተናም ይቀንሳል፤ ናፍጣ ስለማይከፈልበት ብቻ እየሳቡ ጉድጓድ ማድረቅ በጣም ቀላል ነውና። መስመር በማይደርስበት እርሻ ግን ቢያንስ የእህል ወፍጮ ወይም ማቀዝቀዣ ካልተቀጠለበት በስተቀር ያ ጉልበት ዝም ብሎ ይባክናል።

ለዕቃው ከ10 ስምንት፣ ለወረቀቱ ከ10 ሁለት እሰጣለሁ። ለወረቀቱ ሁለቱ ነጥብ የተሰጡት 2.7 ዋት ሰዓቱን በትክክል ስለጻፈ ነው። የሚገዛ ሰው ከፊርማ በፊት ጉድጓዱን በበጋው ማብቂያ ላይ፣ ውሃው ዝቅ ባለበት ወቅት፣ ቀኑን ሙሉ አስስቦ በሰዓት ስንት እንደሚያመነጭ ይለካ። ሻጩ «አያስፈልግም» ካለው ሌላ ሻጭ ይፈልግ።