ቻርለስተን ለጎልፍ ከሄዳችሁ የከተማውን ሜዳ አትለፉት

ባለቤቴ ጡረታ ሲወጣ የፈለገው ስጦታ አንድ ብቻ ነበር። ደቡብ ካሮላይና ሄዶ ኪያዋ ደሴት ላይ፣ ውቅያኖሱ ዳር ያለው ሜዳ ላይ መጫወት። ዳግማይ ትንሣኤን እንዳከበርን ከሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ ተነሣን። እኔ፣ እሱ፣ ወንድሜና ሚስቱ። በመኪና ዘጠኝ ሰዓት ፈጀብን።

መጀመሪያ ስለ ማደሪያ ልንገራችሁ፣ የተቃጠልኩት በሱ ነውና። ቤቱን ያከራየን ድርጅት «ለሁሉም ቦታ ቅርብ» ብሎ ነበር። ቤቱ ግን ማውንት ፕሌዘንት ሆኖ ተገኘ፣ ከቻርለስተን በወዲያኛው በኩል። ኪያዋ ደግሞ ከከተማው በዚህኛው በኩል 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ጆንስ ደሴት ላይ መንገዱ ይጠባል፤ ግራና ቀኙ ትልልቅ የኦክ ዛፍ ነው፣ ቅርንጫፋቸው ከላይ ተገናኝቶ ጥላ ሠርቷል። ማማሩንስ ያምራል። ግን ጠዋት የሥራ ሰዓት ላይ መኪናው ንቅንቅ አይልም። ልንጀምር አምስት ደቂቃ ሲቀረን ነው የደረስነው፣ ሳንሟሟቅ ጀመርን። ስለዚህ ቤት ከመያዛችሁ በፊት አድራሻውን ጠይቁና ካርታ ላይ እዩት። ጄምስ ደሴት ላይ ብታድሩ ለከተማውም ለኪያዋም መሃል ናችሁ።

የውቅያኖሱ ሜዳ በእርግጥ የተወራለትን ያህል ነው። የሜዳ ነዳፊው ፒት ዳይ እ.ኤ.አ. ለ1991ዱ ራይደር ካፕ፣ ለአሜሪካና ለአውሮፓ ጎልፈኞች ውድድር የሠራው ነው። ሚስቱ አሊስ ዳይ ናት «ሜዳውን ከፍ አድርገው፣ ባሕሩ ከየቦታው ይታይ» ያለችው። ከየሆሉ፣ ማለት ኳሷ ከምትገባበት ከየጉድጓዱ፣ ቀና ስል ሰማያዊውን ውሃ ሳይ አሊስን አመሰገንኳት። ነፋሱ ግን ሌላ ነገር ነው። 17ኛው ሆል ላይ ኩሬው ሦስት ኳስ በላብን። አዞም አለ፣ ኳስ ፍለጋ ወደ ውሃው እንዳትጠጉ። 18ኛው ላይ ባለቤቴ ቆሞ የአውሮፓው ቡድን በርንሃርድ ላንገር በ1991 የሳታትን የመጨረሻ ፑት (ኳሷን ወደ ጉድጓዱ የማስገቢያ ምት) ለሁላችንም ተረከልን። አሜሪካዊው ፊል ሚክልሰን በ2021 በ50 ዓመቱ የፒጂኤ ሻምፒዮናን ያሸነፈውም እዚሁ ነው፤ ይኼን ሲያነሣ ፊቱ ይበራል። ዋጋው ለአንድ ሰው ከ400 ዶላር በላይ ነው፣ የካዲው (የዱላ ተሸካሚው) ጉርሻ ሳይቆጠር። ለአንድ ቀን ይገባዋል። ለሁለት ቀን ግን አልከፍልም።

በማግስቱ ዱላዎቹን ቤት ትተን ከተማ ገባን። ይቺ ከተማ በ1743 ከስኮትላንድ 96 የጎልፍ ዱላና 432 ኳስ በመርከብ ያስመጣች ናት። በዚያው ወደብ በኩል ግን በባርነት የተጫኑ አፍሪካውያንም ገብተዋል። ጋድስደን ወደብ የነበረበት ቦታ ላይ በ2023 የአፍሪካ አሜሪካውያን ሙዚየም ተከፍቷል። ግማሽ ቀን ስጡት፣ ቲኬቱንም ቀድማችሁ ግዙ። እኔና የወንድሜ ሚስት ስንወጣ ለረጅም ጊዜ አልተነጋገርንም።

ከዚያ ገበያው ውስጥ አንዲት የጉላ እናት ቅርጫት ሲሰፉ አገኘን። ጉላ (Gullah) እዚያ ባሕር ዳር የሚኖሩት፣ በባርነት የመጡ አፍሪካውያን ዘሮች መጠሪያ ነው። እግሬ ተተከለ። ሳሩን ጠቅልሎ፣ በላዩ እየዞሩ መስፋት፤ ቁርጥ የእናቴ አሰፋፍ! የኛው አክርማና ስንደዶ ነው፣ የሳቸው የባሕር ዳር ሳርና የዘንባባ ቅጠል። ወስፌያቸው ጫፉ የተቆረጠ የማንኪያ እጀታ ነው። ስለ እናቴ ሙዳይ ስነግራቸው ሥራቸውን አቁመው ፎቶ አሳዩኝ አሉ። ስልኬ ላይ ነበረኝ። ዋጋው ወደድ ይላል፣ ግን እባካችሁ አትከራከሩ። ስንት ቀን እንደሚፈጅ እናቶቻችንን ያየን እናውቃለን።

የመጨረሻው ቀን ሙኒ ነበር፣ የቻርለስተን ማዘጋጃ ቤት ሜዳ። በ1929 የተከፈተ ነው። ያኔ ጥቁር ሰው አይጫወትበትም ነበር። ጥቁሮች ክስ መሥርተው ፍርድ ቤት ድረስ ሄደው በ1961 ነው ያስከፈቱት። በ2020 ደግሞ እንደገና ታድሶ፣ ሣሩ እንደ ምንጣፍ ሆኗል። አንዳንዶቹ ሆሎች ስቶኖ ወንዝ ዳር ናቸው፣ ነፋሱም ለስላሳ ነው። የከፈልነው ከኪያዋው ሲሶ አይሞላም። ከኛ ፊት አራት ጥቁር ሽማግሌዎች ይጫወቱ ነበር፤ ቀስ ብለው፣ እየሳቁ። 9ኛው ላይ ጠበቁንና «እናንተ እለፉ» አሉን። ወንድሜ እምቢ አለ። ኋላቸው ሆነን እስከ መጨረሻው ሄድን፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ።

ለሚመጣው ሚያዝያ ጄምስ ደሴት ላይ ቤት ይዘናል። ሙኒ ሁለት ቀን፣ ኪያዋ አንድ ቀን፣ እሱም ከሰዓት በኋላ።