ሰፈር እንድንመርጥ ለረዳን ደላላ፣ ከልብ እናመሰግናለን

ከሦስት ልጆች ጋር ከተማ ቀይረን ከገባን 8 ወር ሆነን። ይህን ምስጋና ቀደም ብዬ መጻፍ ነበረብኝ። ግን ሰፈር ሳይኖሩበት አይመሰገንም ብዬ ቆየሁ። አሁን ኖረንበታል።

መጀመሪያ የደወልንለት ጊዜ እኔና ባለቤቴ የምንጠይቀው ስንት ክፍል አለው፣ ኪራዩስ ስንት ነው የሚለውን ብቻ ነበር። እሱ ግን መልሶ እኛን ጠየቀን። ልጆቹ ስንት ዓመታቸው ነው? የሥራ ቦታችሁ የት ነው? ልጆቹን የሚያመላልሳቸው ማን ነው? እውነቱን ለመናገር ያኔ ጥያቄው በዝቶብኝ ነበር።

በፎቶ አይተን ልባችን የተንጠለጠለበት አንድ ቤት ነበር፤ ሰፊ፣ ብርሃን እንደ ልብ የሚገባው፣ ቀብድ ልንከፍልበት ጥቂት የቀረን። "ጠዋት ተማሪ በሚወጣበት ሰዓት ልጆቹን ይዛችሁ ኑ" አለን። ከበሩ ተነስተን እስከ ትምህርት ቤቱ በእግር ወሰደን። ካርታው 12 ደቂቃ ይላል። በትንሿ ልጄ እርምጃ 25 ደቂቃ ፈጀብን። መሃል ላይ ደግሞ ዜብራም የትራፊክ መብራትም የሌለው ሰፊ አስፋልት አለ። ጠርዙ ላይ አቆመንና "በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚመጣ መኪና በ1 ሰከንድ 14 ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ ሹፌሩ ልጅ አይቶ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያሳርፍ እኮ ያቺ ሰከንድ ታልፋለች" አለን። ልጄ አጠገቤ ጎንበስ ብላ የጫማዋን ክር እያሰረች ነበር። ስለዚያ ቤት ሁለተኛ አላነሳንም። ኮሚሽኑ እጁ ሊገባ የደረሰ ሰው ነው ይህን ያደረገው!

አሁን ያለንበትን ሰፈር ሦስት ጊዜ ነው ያሳየን። አንዴ ጠዋት፣ አንዴ ማታ፣ አንዴ ደግሞ ከባድ ዝናብ እንዳባራ ወዲያው። በዝናቡ ቀን ቤቱን ትቶ አጥሩን ነው ያሳየን፤ ጎርፍ የሚደርስበት ቤት ግድግዳው ላይ የውሃ ልክ መስመር ሠርቶ ይቀራል፣ እሱን ፈልጉ አለን። ፈለግን፣ የለም። ጎረቤት እንድንጠይቅ ሲነግረን ራሱ ራቅ ብሎ ሄደ። "እኔ አጠገባችሁ ከቆምኩ እውነቱን አያወሯችሁም።" ውሃ ምን ያህል እንደሚጠፋ፣ ማታ ከየት በኩል ጩኸት እንደሚመጣ፣ የትኛው መንገድ እንደሚጨልም የሰማነው ያኔ ነው። ትምህርት ቤቱ በልጆቻችን ክፍል ቦታ እንዳለው በጽሁፍ ሳናረጋግጥም ውል እንዳንፈርም ለመነን። ለመነን ነው የምለው።

ቤታችን ከዚያኛው በአንድ ክፍል ያንሳል። ሁለቱ ልጆች አንድ ክፍል ይጋራሉ፣ አልፎ አልፎም ይጣላሉ። ነገ ምረጪ ብባል ግን ይህንኑ ነው የምመርጠው።

ስሙንና ስልኩን ሳላስፈቅደው እዚህ አላስቀምጥም። ቤተሰብ ይዛችሁ ልትዛወሩ ያሰባችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ። በአንድ ቀን ቤት ይዤ ልግባ ለሚል ሰው ግን አይሆንም፤ እኛን 5 ሳምንት አመላልሶናል።

ወንድሜ፣ ይህን ካየኸው፦ ትልቁ ልጃችን አሁን ታናሹን እጇን ይዞ ራሳቸው በእግራቸው ነው ትምህርት ቤት የሚሄዱት። እኔ ከበሩ ላይ ሆኜ አያቸዋለሁ።