የእማዬን ጆሮ ለሰሙልን ሐኪም

ይህን የምጽፈው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከቤቴ ሆኜ ነው። እማዬ አጠገቤ ሶፋው ላይ ተኝታለች። ቲቪው ተዘግቷል፣ ቤቱ ጸጥ ብሏል። በጸጥታ መተኛት ከቻለች ገና ሦስተኛ ሳምንቷ ነው።

ከዚያ በፊት ዘጠኝ ወር ሙሉ ሬዲዮ ከፍታ ነበር የምታድረው። ግራ ጆሮዋ ውስጥ «ሹ... ሹ... ሹ...» የሚል ድምፅ ነበር። «ልጄ፣ ወናፍ እየነፋብኝ ነው» ትለኛለች። ደረጃ ስትወጣ ይፈጥናል፣ ስታርፍ ይዘገያል። ሌሊት ሁሉም ነገር ጭጭ ሲል ይብስባታል።

ያልሄድንበት የለም። አንዱ ጋ ኩክ ነው ተባለና ጆሮዋ ታጠበ። ሌላው ጋ ጠብታ ሰጧት። ሦስተኛው ጋ «ዕድሜ ነው» ብለው በአሥር ደቂቃ ሸኙን። ኤምአርአይም ተነሣች፣ «ምንም የለም» ተባልን። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ግን የመጨረሻው ነው። አስተርጓሚ ስንጠይቅ «ልጁ አለ አይደል?» ብለው የአሥራ ሁለት ዓመት ልጄን አስቆሙት። ሐኪሙ ጭንቀት ነው አለና የእንቅልፍ ኪኒን ጻፈ። ልጄም «እማማ፣ ድምፁ የለም፣ በሐሳብሽ ነው የምትሰሚው ይላል» ብሎ ለአያቱ ነገራት። እማዬ ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ጆሮዋ ማውራት ተወች።

እግዚአብሔር ሲረዳን፣ ቤተ ክርስቲያን የማውቃት አንዲት ነርስ «ድምፁ ከልብ ምቷ ጋር እኩል ይሄዳል?» ብላ ጠየቀችኝ። ማንም እንዲህ ብሎ ጠይቆን አያውቅም ነበር። ባልቲሞር ወዳለ የአንጎል ደም ሥር ሐኪም የመራችን እሷ ናት።

ዶክተሩ ገና ሳይቀመጡ የአማርኛ አስተርጓሚ በስክሪን አስጠሩ። እማዬ ከመጀመሪያው ጀምራ እስክትጨርስ አላቋረጧትም። ከዚያ ማዳመጫቸውን አንስተው ከግራ ጆሮዋ ጀርባ አስጠጉና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ትንሽ ቆዩ። በሌላው እጃቸው የእማዬን መዳፍ ያዙና በጣታቸው ይመቱ ጀመር። ሹ፣ ሹ፣ ሹ።

«እንዲህ ነው?» አሏት።

እማዬ ቀና ብላ አየቻቸው። «ሰማኸው?»

«እሰማዋለሁ።»

አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። አስተርጓሚዋ እንኳ ለአፍታ ዝም አለች። ዘጠኝ ወር ሙሉ የለም የተባለ ድምፅ በአንድ ማዳመጫ ተሰማ! ያንን ቀን እስክሞት አልረሳውም።

ከዚያ አንጂዮግራም፣ ማለትም የደም ሥር ምስል፣ አነሷት። ሕመሟ ዱራል ፊስቱላ ይባላል። በአንጎል ሽፋን ላይ ደም ቅዳና ደም መልስ በመሃላቸው መኖር ያለባቸውን ጥቃቅን የደም ሥሮች ዘለው በቀጥታ ተገናኝተዋል። ወናፉ እዚያ የሚሮጠው ደም ነበር። የእሷ ደሙን ወደ አንጎል የሚመልሰው ዓይነት ስለሆነ ሊፈነዳ ይችላል አሉን።

ሕክምናው ኢምቦላይዜሽን ነው። ጭንቅላቷን አልከፈቱም። በብሽሽቷ ቀጭን ቱቦ አስገብተው እስከዚያ ድረስ ወሰዱና ሙጫ የመሰለ ነገር ለቀው ደፈኑት። ከዚህ በላይ ዝርዝሩን አላውቅም። የማውቀው ከመግባቷ በፊት የሆነውን ነው። የአንገቷ መስቀል ብረት ስለሆነ መውለቅ ነበረበት። እማዬ «ማተቤን አይበጥሱብኝ» ብላ ደነገጠች። የሆስፒታሉ ነርስ መስቀሉን በቀስታ ፈትታ ለእኔ ሰጠችኝና ክሩን ሳትቆርጥ በፕላስተር ከእጇ አንጓ ጋር አሰረችላት። ተባረኪ፣ ተባረኪ!

ስትነቃ እግሯን ዘርግታ ለሰዓታት በጀርባዋ መተኛት ነበረባት። ዶክተሩ መጥተው «አሁንስ?» ሲሏት ጣቷን ወደ ላይ አንስታ ትንሽ አዳመጠች። «ወናፉ ቆመ» አለች። ቀጥላም «ክፉ አይንካህ፣ የኔ ልጅ፣ እጅህ ይባረክ» እያለች መረቀቻቸው። አስተርጓሚዋ አንድም ሳታስቀር ተረጎመችላቸው።

ወገኖቼ፣ እባካችሁ! ጆሮው ውስጥ ከልብ ምቱ ጋር እኩል የሚመታ ድምፅ የሚሰማው ወላጅ ያላችሁ፣ «ዕድሜ ነው» ተብላችሁ አትመለሱ። አንድ እጅ የደም ሥሩ ላይ አድርጉና ምቱን ከድምፁ ጋር አስተያዩ። እኩል ከሆነ የአንጎል ደም ሥር ሐኪም ጋ ምሩን በሉ። ድንገተኛ ከባድ ራስ ምታት ከመጣ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ፣ 911 ደውሉ። አስተርጓሚም ጠይቁ። የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ሁሉ በ1964ቱ የአሜሪካ የሲቪል መብቶች ሕግ መሠረት በነፃ ማቅረብ አለበት። እኔ ይህን ባውቅ ልጄን እዚያ አላስቆመውም ነበር።

የዶክተሩን ስምና የቢሯቸውን ስልክ የምትፈልጉ ኢንቦክስ አድርጉልኝ። ሌሊትም ቢሆን እመልሳለሁ። የክትትል ቀጠሮዋ ሲደርስ እማዬ ድፎ ዳቦ ይዛላቸው ልትሄድ ነው፣ ኮባውን ከአሁኑ ፈልጊልኝ ብላኛለች።